የሼህ ሰይድ ማንቆርቆሪያ

ደግ ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኝ ልፈነዳ ነው! እጮኛዬ ዘሀራ ከውጫሌ አንዲት የፕሉሜሪያ አበባ ቅርንጫፍ ልካ፣ «ለሰርጋችን ቅጠል አውጥታ ልያት» ብላኛለች። ይቺ ቅርንጫፍ ደግሞ ሥር ሳታወጣ ውሃ ከበዛባት ትበሰብሳለች። ጎረቤቴ ሼህ ሰይድ ግን ለሶላት ሊታጠቡ ዉዱ ባደረጉ ቁጥር የማንቆርቆሪያቸውን ትራፊ ውሃ ለበረካ ብለው ይደፉባታል።

«ኧረ ሼህ ሰይድ፣ ትበሰብሳለች!»

«አንተ ልጅ፣ ሐይቅ ዳር ተወልደህ በውሃ ትሰስታለህ?»

ወላሂ ከታች በሰበሰች! ጤነኛ ጫፏን ቆርጬ፣ ቁስሏን አድርቄ፣ በጣሳ ተክዬ ጣሪያ ላይ ሰቀልኳት። አሁን ቅጠል አወጣች። ሼህ ሰይድ ቀና ብለው አይተው ደስታቸው ወሰን አጣ።

«ማሻአላህ! ያጠጣኋት እኮ ነች! በል መሰላሉን ያዝልኝ» አሉኝ፣ ማንቆርቆሪያቸውን አንጠልጥለው።