በማማ አዉኦር እጅ ያላለፈ ፋይል

ማማ አዉኦር አንድ ጳጳስ አስለቅሰዋል ይባላል። ሐሰት ነው። ሰውየው ጳጳስ ሳይሆኑ ተራ ቄስ ነበሩ፤ ያለቀሱትም በአንድ ዓይናቸው ብቻ ነው፤ እሱም የመመረቂያ ጽሑፋቸው ለአራተኛ ጊዜ ሲመለስባቸው።

በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም፤ ፀሐይ ወጣች ብትሉት ደረሰኝ የሚጠይቅ። በኬንያዋ ኪሱሙ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ባለው ኮሌጅ፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ማማ አዉኦር ናቸው። ተመራቂ ሁሉ ጽሑፉን በፒዲኤፍ ያስረክባል፤ እሳቸው «ለመቶ ዓመት ይቀመጣል» ካላሉት ስሙ ከምረቃው ዝርዝር አይገባም። ፋይሉን እንደኛ ጠቅ አድርገው አይከፍቱም። ኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ አንዲት መስመር ትእዛዝ ይጽፉና ማንዳዚያቸውን፣ ያን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ ይገምጣሉ፤ ማሽኑ የፋይሉን ሆድ ዕቃ አገላብጦ ጉድለቱን በቀይ ይዘረግፈዋል።

«ኧረ ማማ፣ እኔ ጋ እኮ ይከፈታል!» ይላል ተማሪው።

«የሞተ ዓሣም አፉ ይከፈታል።»

ጽሑፉን ግን አያነቡም። «እኔ የማየው ማሰሮውን ነው፤ ወጡን አስተማሪህ ይቅመስ» ባይ ናቸው።

ከዘንድሮ ተመራቂዎች አንዱ የሆነው መምህር ራቡሩ ሐሙስ ጠዋት መጣ። በፍላሹ የያዘው የስምንት ዓመት ልፋት ነው፤ የዓሣ አጥማጅ ሚስቶች ዘፈኖች፣ አብዛኞቹን ከሟች እናቱ አፍ የለቀማቸው። ዝርዝሩ በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ለቅዳሜው ምረቃ አንድ ማታቱ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ ከመንደር ሊነሣ ተዘጋጅቷል፤ ፍየሉም ታስሯል።

ማማ ትእዛዙን ጻፉ።

«መምህር፣ ይሄ ፒዲኤፍ አይደለም።»

«ስሙ ላይ ፒዲኤፍ ይላል እኮ!»

«ዎርድ ነው። ኢንተርኔት ቤት ያለው ሰውዬ ስሙን ብቻ ቀይሮ ሰጥቶሃል። ፍየልን በግ ብለህ ብትጠራው ላት አያወጣም።»

ስድስት ሰዓት ላይ ተመለሰ። አሁን ደግሞ የፊደሎቹ ቅርጾች ፋይሉ ውስጥ አልተጫኑም። «ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ከየት ያምጣቸው? ጨው ከጎረቤት እየለመኑ ድግስ አለ እንዴ?»

ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ በሦስተኛው ሙከራ፣ መስኮቱ ላይ አንድም ቀይ አልታየም። ራቡሩ ለምስጋና እጁን ዘረጋ። ማማ እጁን አላዩትም፤ የየገጹን ጽሑፍ እያወጣ የሚያሳይ ሌላ ትእዛዝ ይጽፉ ነበር።

«ገጽ ሰማንያ ስምንት፣ ባዶ። ሰማንያ ዘጠኝ፣ ባዶ።»

«ማማ፣ ማሽኑ አልፏል ብሏል እኮ!»

«ለማሽኑ ባዶ ገጽም ገጽ ነው። ምን ነበረበት?»

«እናቴ ለመጨረሻ ጊዜ የዘፈነችው።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ሩጥ!»

ቦዳቦዳ ሞተር ላይ ተፈናጦ በረረ። ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን ከሬጅስትራር ቢሮ ተደወለ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራቸው አንዲት ደቂቃ ለማንም ጨምረው የማያውቁት ማማ አዉኦር፣ «ማሽኑ ገና እያላመጠ ነው፤ እንዳትዘጉት» አሉ። ቢሮው ውስጥ ያለን ሁሉ ተያየን። ማሽኑ ምንም አያላምጥም ነበር። የሚያላምጡት እሳቸው ነበሩ።

አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ራቡሩ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ገባ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ተጻፈ፤ ቀይ የለም። ሁለተኛው ተጻፈ፤ ገጽ ሰማንያ ስምንት ከላይ እስከ ታች በፊደል ተሞልቶ ብቅ አለ። ቢሮው በጭብጨባ ቀለጠ። ማማ ስሙን ዝርዝሩ ላይ አስገቡ፤ መስኮቱን ግን አልዘጉትም። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ሳብ አድርገው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ እስከ ገጹ ግርጌ ወረዱ።

«ሦስተኛው ስንኝ ላይ እናትህ ተሳስተዋል» አሉ። «የኔ እናት እንዲህ አልነበረም የምትለው።»