ክቡርነታቸውና የልብስ ሰፊዋ እግር

በየሕንጻው፣ ሰው ሲወድቅ እጁን ኪሱ ከትቶ ሕግ የሚጠቅስ አንድ ጎረቤት አይጠፋም። ለምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ የደረሷት ክቡርነታቸው ናቸው። ክቡርነታቸው ዳኛም ጠበቃም ሆነው አያውቁም፤ ሠላሳ ዓመት ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የተሰበረ እግርና የተጋጨ መኪና ፋይል ሲያገላብጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ሕንጻው ነው።

ፋይሉ ያስተማራቸው አንድ ነገር ነው፦ ያልነካ አይጠየቅም። ጎረቤት ሶፋ ተሸክሞ ደረጃው ላይ ሲያቃስት ግድግዳ ተጠግተው ያሳልፉታል። “ባግዝህ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንዴ ከያዝኩ በጥንቃቄ የመያዝ ግዴታ አለብኝ። ቢያመልጠኝ ቸልተኛ እባላለሁ።” ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት የልጅ ልጃቸውን ለአፍታ እንዲይዙላቸው ቢለምኗቸው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈግፍገው “ኃላፊነቱ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው?” አሉ። ሴትዮዋ እስካሁን ሰላም አይሏቸውም።

ልብስ ሰፊዋ ግን ታናግራቸዋለች፤ ሥራዋ ተቀምጦ የሚሠራ ስለሆነ ማምለጫ የላትም። በየጠዋቱ በሯ ላይ ቆመው የመቀሷን አቀማመጥ፣ የካውያዋን ገመድ፣ የምንጣፏን ጫፍ ይተቻሉ።

“ደንበኛ አደናቅፎት ቢወድቅ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።”

“እሺ ጋሼ” ትላለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

አንድ ማክሰኞ አምፖል ልትቀይር በርጩማ ላይ ወጣች። ክቡርነታቸው በሩ ላይ ነበሩ።

“በርጩማው ይነቃነቃል” አሉ።

“ያዙልኛ ታዲያ፣ ጋሼ።”

“እሱማ፣ ከያዝኩት በኋላ...”

ማብራሪያው ሳያልቅ ልብስ ሰፊዋ ቀኝ እግሯ ከሥሯ ታጥፎ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። አሁን ደግሞ አንቀጽ ሊጠቅሱልኝ ነው ብላ ጠበቀች። ቀና ስትል ግን ፊታቸው አመድ መስሎ አጠገቧ ተንበርክከዋል።

“ይዤው ቢሆን ኖሮ” አሉ፣ ቀስ ብለው።

ታክሲ ጠሩ፤ ደግፈው አስገቧት፤ ሐኪሙ ጀሶ እስኪያስርላት ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጠበቁ።

ያልታሰበው ጣጣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክቡርነታቸው ነክተዋላ። “የጀመሩትን መሃል መንገድ ላይ መተው ራሱ ቸልተኝነት ነው” ብለው በማግስቱ መጡ። በሠልስቱም። የክራንቿን ጫፍ ይፈትሻሉ፣ የመድኃኒት ሰዓቷን ያስታውሷታል፣ ደንበኞቿን ከመርፌ አንድ ክንድ ያርቃሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ሲተክሉ አገኘቻቸው፤ ያውም ጠማማ።

“ጋሼ፣ እርስዎ ሌላ የሚሄዱበት የለዎትም?”

ቁልፉን ትክ ብለው አዩት።

“ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ? የለኝም።”

ልብስ ሰፊዋ ሸሚዙን ተቀብላ፣ ጠማማውን ቁልፍ እንዳለ ተወችው።

በስድስተኛው ሳምንት ጀሶው ተፈታ። ሐኪሙ እግሯን አገላብጦ አይቶ፣ ድነሻል፣ ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልግሽም አላት። ክቡርነታቸው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፍርድ እንደሚጠባበቅ ሰው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል።

“ምን አለሽ?”

ደረጃውን በሩጫ መውረድ ትችል ነበር። ፊታቸውን አየች።

“ገና ክትትል ይፈልጋል ነው የሚለው” አለችና፣ እያነከሰች ክንዳቸውን ያዘች።