ታላቁ ማነው?

መቆለፍ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ በምትባል ከተማ አብሮኝ የሚሠራው ጌታሁን እንደዚያ ነው። መሳቢያው በሁለት ቁልፍ ይዘጋል፤ ውስጡ ያለው አንድ እስክሪብቶ ነው።

እኔና እሱ የፕሪንተር ድራይቨር፣ ማለትም ፕሪንተሩን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ እንጽፋለን። ሁለት የሚታተም ሥራ እኩል ሲመጣ ጽሑፉ ይደባለቅ ነበር። ዓርብ ደንበኛው ሊረከበን ነው። ጌታሁን ለወረቀቱ አንድ፣ ለቀለሙ አንድ ሎክ ሠራ፤ አንዱ ሥራ የያዘውን ሌላው እንዳይነካ የሚቆልፍ። ጽሑፉ መደባለቁን ተወ፤ ፕሪንተሩም መሥራቱን ተወ። ለካ አንዱ ሥራ ወረቀቱን ይዞ ቀለሙን ይጠብቃል፣ ሌላው ቀለሙን ይዞ ወረቀቱን ይጠብቃል።

ተስፋ ቆርጠን ምሳ ስንሄድ፣ የወሎው አለቃችን አቶ ሰዒድ ምግብ ቤቱ በር ላይ ከጌታሁን ጋር ተገጣጠሙ።

«ይግቡ ጋሼ!»

«ወላሂ አልገባም፣ አንተ ቅደም!»

ከኋላችን ሰው ተሰለፈ። ጌታሁን ድንገት ጮኸ፦

«አገኘሁት! ተራ ያስፈልጋል! ሁሉም መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ከዚያ ቀለሙን ይያዝ!»

«ጎበዝ! በል አሁን ግባ።»

«እኛም በተራ ነው ጋሼ፤ ታላቅ ይቀድማል።»

አቶ ሰዒድ ኮስተር አሉ።

«በእውነተኛው ዕድሜ ነው በፓስፖርቱ? በፓስፖርቱ ከሆነ ታላቁ አንተ ነህ።»

ያን ቀን ታላቁ ሳይለይ ምሳ ሳንበላ ተመለስን። ፕሪንተሩ ግን ዓርብ ያለ እንከን ሠራ፤ ፓስፖርት የለውማ።