ሊቀ አፍንጫ

ዶክተር አስማማው ጠዋት ቤተ ሙከራ እንደገቡ፣ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ አንድ የእርሾ ብልቃጥ ይከፍታሉ። አፍንጫቸውን ይደቅኑበታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስት ጊዜ በረጅሙ ይስባሉ። ከዚያ ብልቃጡን ወደ እኔ ይገፉና "እስኪ አሽትቺው!" ይላሉ።

በየዘመድ አዝማዱ ሳያሸት የማይጎርስ አንድ ሰው አይጠፋም። ወጡ ሲቀርብለት ጎንበስ፣ ጠላው ሲቀዳለት ጎንበስ፤ ባለቤቲቱ እስትንፋሷን ይዛ ፍርዱን ትጠብቃለች። የደብረ ታቦሩ ሊቀ አፍንጫ ግን (ስማቸውን ለዚህ ጽሑፍ ቀይሬዋለሁ) በማሽተታቸው ላይ ዶክትሬት ደርበውበታል።

ሃያ ስድስት ዓመት የመረመሩት አንድ ጥያቄ ነው፦ የአንዷ እንጀራ በሦስተኛው ቀን ሲሻግት የጎረቤቷ ሳምንት የሚቆየው ለምንድን ነው? መልሱ እርሾው ውስጥ ነው ይላሉ። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የጤፉን ስኳር ይበላሉ፣ አሲድ ያወጣሉ፣ አሲዱ ሻጋታውን ያባርራል። ሲያስረዱኝ እስከ ስኳሩ ድረስ እከተላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግራ ይገባኛል። እኔ ግጥም ተምሬ የተመረቅሁ፣ ደብዳቤ የምጽፍላቸው ልጅ ነኝ።

ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። ከዚያ በፊት ከየገጠሩ ከሰበሰቧቸው አርባ አንድ እርሾዎች አንዱን መርጠው ለገበሬው ቤት እንዲታደል ማስረከብ አለባቸው። ከተሳሳቱ የሃያ ስድስት ዓመት ልፋታቸው ሻገተ ማለት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ሲወሰን የእኔ አፍንጫ ምን አገባው?

"ምን ይሸታል?"

"ዝ... ዝናብ የነካው ጭድ።"

"ጎሽ! ሌላስ?"

"የተላጠ ሎሚ፤ ሰው የለቀቀው ቤት ውስጥ።"

ይጽፉታል! በቁም ነገር ይጽፉታል። የቤተ ሙከራው ባለሙያ ፋሲል ከማሽኑ ጀርባ ሆኖ "ጋሼ፣ ዛሬስ ቤት መታ?" ይላል።

"አንተ አሲድህን ለካ!"

እየፈተኑኝ ይሁን እየቀለዱብኝ አላውቅም። ፊቴ ይቀላል።

ባለፈው ጥር የፋሲል እህት ስትዳር ቤተሰቡ ወደሚኖርበት ወደ ገሳይ ተጠራን። እናቱ እትዬ የሺ በገዛ እጃቸው ጠላ ቀዱልን። ዶክተር ጣሳውን መጀመሪያ በእኔ አፍንጫ ሥር አሳለፉት። ለምን እንደሆነ ባይገባኝም፣ "ደህና የተቆላ ገብስ፤ ጌሾው ያልበረታበት" አልኳቸው በሹክሹክታ። ብድግ አሉና አወጁ።

"እትዬ የሺ! ገብሱ ደህና ተቆልቷል፣ ጌሾውም አልበረታም። እዚህ ጣሳ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነፍሳት አሉ!"

"ምን አሉ? ነፍሳት? በእኔ ጠላ?" እትዬ የሺ አማተቡ። "ሦስት ጊዜ አጥልዬዋለሁ እኮ!"

"ጥሩ ነፍሳት ናቸው!"

"ደግሞ ጥሩ ዝንብ አለ?"

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጣሳቸውን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡ። ፋሲል እናቱን እግራቸው ላይ ወድቆ ባይለምን ኖሮ ጋኑ ተደፍቶ ነበር።

ግንቦት ላይ ለሽኝታቸው በሚታተመው መጽሔት ታሪካቸውን እንድጽፍ ታዘዝኩ፤ መዝገቦቻቸውንም ገለጥኩ። "ሽታ" በሚለው ዓምድ ሥር ሁለት ዓመት ሙሉ የተደረደሩት የእኔ ቃላት ናቸው። "አሽታች" በሚለው ሥር ያለውም የእኔ ስም ነው። የእሳቸው የትም የለም። በመጨረሻ የተመረጠው እርሾ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣ ያው ዝናብ የነካው ጭድ ነበር፤ የፋሲል ማሽንም መስክሮለታል። ግራ መጋባቴ ባሰብኝ።

"ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ከሁለት ዓመት በፊት ክፉ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። መዝገብ ላይ ያልሸተተኝን ሸተተኝ ብዬ አልፈርምም።"

"ታዲያ በየጠዋቱ ብልቃጡን..."

ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መጽሔቱ ላይ ስምሽን አስገቢ፤ ዝናቡንም ጭዱንም አስገቢ። ያቺን ብቻ ዝለያት፣ ልጄ። ሰው ያዝንልኛል።"

አሁን ጠዋት ጠዋት ብልቃጡ ላይ ሲያጎነብሱ፣ እንደዚያች የወጡ ባለቤት እኔም እስትንፋሴን ይዤ እጠብቃለሁ። እስካሁን "እስኪ አሽትቺው" ነው።

መጽሔቱ "በየጠዋቱ እርሾ ያሸታሉ" ብሎ ያልፋል። ዝለያት ያሉኝ ለምን እንደሚያሸቱ ነው፦ ምናልባት ዛሬ ተመልሶልኝ እንደሆነ ብለው።