ጊዜያችሁን የማይሻሙት ኦቦ ቱፋ

ማይክራፎን የሚፈሩ ሰዎች አሉ፤ ማይክራፎን ራሱ የሚፈራቸው ሰዎችም አሉ። ከሁለተኛዎቹ አንድ እንኳ የሌለው ከተማ እስካሁን አላየሁም። ሠርግ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፣ ለቅሶ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፣ ድልድይ ሲመረቅ ከመሐንዲሱ ቀድመው ደርሰው ታገኟቸዋላችሁ። ማን እንደጠራቸው አይታወቅም። ማይኩ እንዴት እጃቸው እንደገባም ያየ የለም። አንዴ ከገባ ግን ለማስለቀቅ ሽማግሌ መላክ ሳያስፈልግ አይቀርም።

የእኛ የአምቦው ክቡር ኦቦ ቱፋ ይባላሉ። በእህል ንግድ የኖሩ፣ አሁን ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው ራሳቸውን ለመድረክ የሰጡ ሰው ናቸው። ልጄ ፌቨን የምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው። ልጆቻቸው ከዚያ ትምህርት ቤት ወጥተው፣ ወልደው፣ የልጅ ልጆቻቸው እንኳ ስምንተኛ ክፍል ጨርሰው ሄደዋል፤ እሳቸው ግን አሁንም ወላጅ ናቸው። ማን ያወርዳቸዋል? ለማውረድ የኮሚቴ ስብሰባ መጥራት ያስፈልጋል፤ የኮሚቴውን ስብሰባ የሚጠሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

የንግግራቸው አጀማመር ሁልጊዜ አንድ ነው። ማይኩን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉና «ጊዜያችሁን አልሻማም» ይላሉ። ይህን የሰማ የአምቦ ሰው ቶሎ ብሎ መቀመጫ ይፈልጋል።

የሰፈራችን ቦኖ የተመረቀ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። በእኛ በኩል ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሕዝቡ ጀሪካኑን ይዞ ተሰልፏል፣ ሪባኑ ተወጥሯል፣ ኦቦ ቱፋ ጊዜያችንን ላለመሻማት ስለ ውሃ ጥቅም ጀመሩ። ጠጥተነው የማናውቀው ነገር ይመስል አስረዱን። ሪባኑ ተቆርጦ ቧንቧው ሲከፈት ፈረቃችን አልፎ ኖሮ ፉጨት ብቻ ወጣ። «አየሩ ነው፣ ይመጣል» አሉ ሳይደነግጡ፤ እስኪመጣ ድረስም ቀጠሉ።

ከንግግሩ ሁሉ የሚብሰው ግን ስም መጥራታቸው ነው። በእኛ አገር የተገኘ እንግዳ በማዕረጉና በቅደም ተከተሉ ካልተጠራ ነገር ይበላሻል። ይህን አውቃለሁ። ጊንጪ አንድ ሠርግ ላይ መድረክ መሪው የሙሽሪትን አጎት ስም ቢዘል፣ አጎትየው ለሠርጉ ያመጣውን ሙክት እየጎተተ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ኦቦ ቱፋ ሙክቱ ሲሄድ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የማንንም ስም አይዘሉም። የተገኘውን ይጠራሉ፣ የቀረውን ይጠራሉ፣ የታመመውን «በሐሳብ አብሮን ያለው» ብለው ይጠራሉ።

እዚህ ድረስ ችያለሁ። ባለፈው ዓመት የሠሩትን ግን አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤታችን ዓርብ ዓርብ አንድ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ አለው። የአስተማሪዋ ስም ሃዋኒ ነው። ያላት አንድ ክራርና ሁለት ከበሮ ቢሆንም ከክፍሏ የሚወጣው ድምፅ መንገደኛ ያስቆማል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ሥዩም ግን ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ ማካካሻ ለመስጠት ከቋመጡ ቆይተዋል። «ሙዚቃ ፈተና ላይ አይመጣም» ይላሉ። ፈተና ላይ ስለማይመጣ ነገር ከእሳቸው ጋር መነጋገር አይቻልም።

በዚህ መሐል ከአዲስ አበባ ጥሪ መጣ። የሙዚቃ ትምህርት ዋጋ እንዲያገኝ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ መዝሙር ሊዘምሩ ነው። ሬዲዮው በስልክ ከተማ ለከተማ እየዞረ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ደቂቃ ይሰጣል። አቶ ሥዩም ሃዋኒን ጠርተው ቁርጡን ነገሯት፦ «አገር ከሰማችሁ ክፍለ ጊዜው ይቆያል። ካልሰማችሁ ሒሳብ ይገባበታል።»

ልጆቹ እንዴት እንደተለማመዱ እኔ ነኝ የማውቀው። ፌቨን ሳህን ስታጥብ ትዘምራለች፣ ጫማዋን ስታስር ትዘምራለች፤ አንዱን ስንኝ በአማርኛ፣ ቀጣዩን በኦሮምኛ። መዝሙሩ ቤታችን ገብቶ አብሮን ይኖር ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ከጊንጪም ከጉደርም ተማሪዎች በአውቶቡስ መጡ። ሜዳው ላይ ዩኒፎርም ብቻ ነው የሚታየው፤ ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል። ሬዲዮኑ የቢሮው መስኮት ላይ ተቀምጧል፣ የአቶ ሥዩም ስልክ ከልጆቹ ፊት ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ኦቦ ቱፋ ማይክ ይዘዋል። የተሰጣቸው ሥራ ሰዉን ዝም ማሰኘት ብቻ ነበር። ለእሳቸው ዝም የማሰኘት ሥራ የሰጠው ማን እንደሆነ እስካሁን አጣርቼ አልደረስኩበትም።

ስልኩ ጮኸ፤ አቶ ሥዩም ከፈቱት። «አሁን ደግሞ ወደ አምቦ!» አለች የሬዲዮዋ ጋዜጠኛ። «አምቦዎች፣ አንድ ደቂቃ አላችሁ፣ እንስማችሁ!»

ሃዋኒ እጇን አነሳች። ያ ሁሉ ልጅ ትንፋሹን ሳበ። ኦቦ ቱፋ ጎንበስ ብለው ስልኩን አነሱ።

«ሄሎ፣ ሄሎ! ጊዜያችሁን አልሻማም!» አሉ። «የተከበራችሁ የአገራችን ሕዝቦች፣ የተከበራችሁ አባ ገዳዎችና የሃይማኖት አባቶች፣ የተከበራችሁ ከጊንጪ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ የተከበራችሁ ከጉደር የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ በካቺሲ ሆናችሁ የምትከታተሉን ወገኖቼ፣ አካም ጅርቱ...»

«እሺ አባታችን፣ ልጆቹን እንስማ?» አለች ጋዜጠኛዋ።

«ልጆቹ አሉ፣ ደህና ናቸው! የተከበሩ ርዕሰ መምህራችን አቶ ሥዩም፣ የተከበሩ ምክትላቸው...»

«አምቦን እናመሰግናለን! ቀጥለን ወደ ሐረር!»

ከመስኮቱ የሐረር ልጆች መዝሙር ወጣ። የእኛ ልጆች አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ሃዋኒ እጇን ወዲያው አላወረደችም፤ ምን እንደምታደርገው የጠፋት ትመስል ነበር። ፌቨን ያን ዕለት ማታ ሳህን ያጠበችው ሳትዘምር ነው። አንድ አገር ሙሉ ሕዝብ ጆሮውን ወደ አምቦ አቅንቶ የሰማው የኦቦ ቱፋን የእንግዳ አቀባበል ነው! ሰው እንዴት የልጆችን ትንፋሽ ከአፋቸው ይነጥቃል? እኔ ለዚህ ሰው ሰላምታ የለኝም አልኩ።

በማግስቱ ፌቨንን ሳደርስ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ፊታቸው ይበራል። «ታዴ! ሰማኸኝ ወይ? ከካቺሲ ድረስ ደውለውልኛል። ድምፅህ ጥርት ብሎ ገብቷል አሉኝ!»

ፊቴን አዞርኩባቸው። የመለሰችላቸው በዚያ ስታልፍ የነበረችው ሃዋኒ ናት። «ኦቦ ቱፋ፣ ማሎ፣ እባክዎ» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎ ተሰምተዋል። ልጆቹ አልተሰሙም።»

«እንዴት አይሰሙም? እዚያው ቆመው ነበር እኮ!»

«የተሰጠችን አንድ ደቂቃ ናት። እሷን እርስዎ ጨረሷት። አሁን ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ሊሆን ነው።»

ኦቦ ቱፋ ዝም አሉ። ሲናገሩ እንጂ ዝም ሲሉ አይቻቸው ስለማላውቅ መጀመሪያ የታመሙ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ማንንም ሳይሳለሙ መንገዱን ተሻግረው ሄዱ። ይበላቸው አልኩ በልቤ። ምንም አላዘንኩም።

አቶ ሥዩምም ጊዜ አላጠፉም። ወላጆችን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰበሰቡን፣ መሪው ራሳቸው ሆኑ፣ ማይክ የሚባል ነገር እንዳይገባም አዘዙ። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ሰዓቱ ያው የሙዚቃ ሰዓት። ሥራ ያጣው የሃዋኒ ክፍል በመስኮቶቹ ተንጠልጥሎ ያየናል። ወላጁ ምሳ ሰዓት ስለደረሰበት ቶሎ አልቆለት መሄድ ነው የሚፈልገው። እኔ ተነስቼ ልቃወም ስል ጎኔ ያለው ሰውዬ «ተወው፣ ያለቀ ነገር ነው» አለኝ።

«እንግዲህ ተቃውሞ ከሌለ» አሉ አቶ ሥዩም።

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ኦቦ ቱፋ ቆመዋል። ወላጁ ሁሉ በአንድ ላይ ተነፈሰ።

«ከመናገሬ በፊት የተገኙትን ክቡራን ልጥራ» አሉ። አቶ ሥዩም ክራቫታቸውን አስተካከሉ፤ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

«የተከበረች ተማሪ ምኞት ሌታ!»

ከመስኮቱ አንዲት ቀጭን ድምፅ «አቤት!» አለች።

«የተከበረ ተማሪ ገመቺስ ጅሩ! አያቱ ለዚህ ትምህርት ቤት አጥር ባሕር ዛፍ የቆረጡ!»

«አቤት!»

«ኦቦ ቱፋ፣ ወደ ጉዳዩ ይግቡ!» አሉ አቶ ሥዩም።

«ጉዳዩ ውስጥ ነኝ። በአገር ፊት ሳይጠሩ የቀሩት እነዚህ ናቸው። ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ስም ተዘሎ ስብሰባ እንደማይሄድ ደግሞ እርስዎም ያውቃሉ።»

ያውቃሉ። ሁላችንም እናውቃለን። ኦቦ ቱፋ ዕድሜ ልካቸውን ለከተማው ሁሉ ጤፍ የሸጡ ስለሆኑ የማን ልጅ ማን እንደሆነ ከነአያቱ ያውቁታል። ልጅ በተጠራ ቁጥር አንድ ወላጅ ቀና ይላል። ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ የደረሰች እናት ተመልሳ ተቀመጠች፤ የልጇ ስም ገና አልደረሰም። «ተወው» ያለኝ ሰውዬ ራሱ ልጁ ሲጠራ አጨበጨበ። አቶ ሥዩም ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ሆዳቸው ይጮኻል፣ ኦቦ ቱፋ ሰፈር በሰፈር ይገሰግሳሉ።

የእኛ ሰፈር ደረሱ። የቀኝ ጎረቤቴን ልጅ ጠሩ። የግራ ጎረቤቴን ልጅ ጠሩ። ወደ ታችኛው መንደር አለፉ።

ሳላስበው ብድግ አልኩ። «ኦቦ ቱፋ! ፌቨንስ? ፌቨንን ዘለሏት እኮ!» በዚህ ስም መጥራት በሚሉት ነገር ሰሞኑን ሁሉ ስንጨረጨር የከረምኩት ሰው፣ ልጄ ተዘለለች ብዬ ሙክት አለመያዜ ብቻ ነው የቀረኝ።

ኦቦ ቱፋ ራሳቸውን ያዙ። «ውይ! ቅደም ተከተሉ ተበላሸ! ልክ ነህ ታዴ፣ ጥፋት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። የተከበረች ተማሪ ምኞት ሌታ!»

«አቤት!»

«የለም፣ የለም፣ የለም!» ብለው ተነሱ አቶ ሥዩም። «ክፍለ ጊዜው ባለበት ይቀጥል! የሙዚቃ ነው፣ የሙዚቃ ይሁን! ስብሰባው ተዘግቷል!»

በመስኮቱ ጩኸት ሆነ፤ ሃዋኒ ከልጆቹ መሐል ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት። ወላጁ እየሳቀ ወደ ምሳው ተበተነ። ኦቦ ቱፋ ግን አልተቀመጡም። ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ እስኪሆን እዚያው ቆመው ቆዩ። እኔም ቆየሁ። እኚህን የማይቻሉ ሰው እንደምወዳቸው የገባኝ እዚያ ላይ ነው፤ ቢያናድደኝም ገባኝ።

ኮታቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሙሉ ስታዲየም የሚናገሩ ያህል ቀጥ ብለው፣ «የተከበረች ተማሪ ፌቨን ታደሰ ጉግሳ!» አሉ።

ጉግሳ አባቴ ነው። ካረፈ ወዲህ ስሙ እንዲህ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

«አቤት!» አለች ልጄ ከመስኮቱ።

ብቻዬን አጨበጨብኩ፣ እጄ እስኪግል።