ጣሪያ አንባቢው ጋሽ ሃልቮር

በረዶ የሚጥልበት ሰፈር ሁሉ፣ ሰው ቤት ገብቶ "እንዴት ናችሁ?" ከማለቱ በፊት "ነፋስ ይገባባችኋል" የሚል አንድ ሰው አያጣም። የእኛ፣ የአሜሪካዋ የዱሉት ከተማ ሰዎች፣ ክቡር ጋሽ ሃልቮር ናቸው።

በረዶ በጣለ ማግስት መንገድ ለመንገድ እየዞሩ ጣሪያ ያነባሉ። በረዶው ቀድሞ የቀለጠበት ቤት ጉዱ ፈላ፤ ሙቀቱ በኮርኒሱ እያመለጠ ነው ማለት ነው። እኛ ቤት እራት ተጋብዘው ገና ሳይቀመጡ ሻማ ለኩሰው ኮርኒሱን ዞሩት። ነበልባሉ ዘመም ሲል፣ "ይኸው! ሰማዩን ነው የምታሞቁት!" ብለው ፈነደቁ።

ባለቤቴ "ጋሽ ሃልቮር፣ ሾርባው ቀዘቀዘ እኮ" ብትላቸው፣ "እንዴት አይቀዘቅዝ!" አሉ።

ባለፈው ጥር የጎረቤታችን የእትዬ አልማ ኮርኒስ ያንጠባጥብ ጀመር። ልጃቸው ዴል "ቤቱ ይሸጥና የአረጋውያን መኖሪያ ትገቢያለሽ" ብሎ ቆረጠ። እትዬ አልማ አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት ሊለቁ ነው። ጋሽ ሃልቮር ባትሪያቸውን ይዘው ከኮርኒሱ በላይ ወጡ፤ እኔ መሰላል ያዝኩ። ቆይተው ሲወርዱ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ በእጃቸው አሮጌ ሹራብ ይዘዋል።

"የጣሪያው መተንፈሻ ሁሉ እንዲህ ባለ ሹራብ ተወትፏል። የቤቱ እንፋሎት መውጫ አጥቶ እዚያው በረዶ ሆኖ ይረጋል፤ ሲቀልጥ ይዘንብብሻል" አሉ።

"ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማር። ብርድ እንዳይገባ ብሎ የወተፈው" አሉ እትዬ አልማ።

"እኔ ነኝ 'ወትፈው' ያልኩት፤ አላውቅም ነበር። ይቅር በይኝ፣ አልማ" አሉ ጋሽ ሃልቮር።

"በል በል፣ መጀመሪያ ቤቴን አድንልኝ፤ ከዚያ ታለቅሳለህ!"

ጋሽ ሃልቮር ሦስት ቀን በጉልበታቸው እየዳሁ ሹራቡን ሁሉ አወጡ፤ በአምፖሉና በቱቦው ዙሪያ ያለውን ቀዳዳ በሲሊኮን ማሸጊያ ደፈኑ፤ በላዩ ወፍራም የሙቀት ማገጃ አለበሱት። ከዚያ ወዲያ ጠብታ አልታየም። ዴልም አፉን ዘጋ።

ጋሽ ሃልቮር ግን ያ ሁሉ ወሬያቸው ጠፋ። በሰው ጣሪያ ሥር አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ቤቴ ቢመጡ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው በልተው ይሄዳሉ። እንዲህ እንደምናፍቃቸው አላውቅም ነበር፤ ልቤ አልቻለም።

ትናንት የጓሮውን በር የነፋስ መከላከያ ጎማ በገዛ እጄ ገሽልጬ ደወልኩላቸው።

"ጋሽ ሃልቮር፣ ቤቴ ነፋስ ይገባል፤ ከየት እንደሆነ ግን ጠፋኝ።"



"አንተ ደግሞ መቼ ነው ሰው የምትሆነው?" አሉኝ። "መጣሁ! ምንም እንዳትነካ!"