የወይዘሮ ፈንታነሽ እንቢተኛ እንግዳ

በዚህ አገር በእንግድነት ሄዶ በራብ የሞተ ሰው አልተሰማም። በጥጋብ ለመሞት ጥቂት የቀረው ግን ሞልቷል፤ ምክንያቱም በየሰፈሩ ቢያንስ አንድ ወይዘሮ ፈንታነሽ አሉ። ታውቋቸዋላችሁ። «በልቻለሁ» ስትሏቸው የማይሰሙ፣ «ጠገብኩ» ስትሏቸው የተሰደቡ የሚመስላቸው፣ ሳህናችሁን በመዳፋችሁ ብትከልሉ በጣቶቻችሁ መሃል ወጥ የሚያንቆረቁሩ ሴት ናቸው።

የደብረ ታቦሯ ወይዘሮ ፈንታነሽ ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ ከግቢያቸው ምሳ ሳይበላ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ቤት ተሳስቶ ያንኳኳ ሰው ሁለት እንጀራ በልቶ፣ ማንን ፍለጋ እንደመጣ ረስቶ ሄዷል። መሣሪያቸው «በሞቴ» የምትል ቃል ናት። እሷ ካልሠራች «አፈር ስሆን» ትከተላለች። እሷም ካልሠራች «ይቺን ብቻ» ተብሎ ጉርሻው ራሱ ይመጣል፤ ጉርሻ ደግሞ አፍ ላይ ከደረሰ በኋላ ክርክር የለውም።

ይህን ሁሉ በሆዱ የሚያውቀው ተከራያቸው ተስፋነህ ነው። ከሐዋሳ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ሲመጣ ቀጭን የነበረ ወጣት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የቀበቶው ቀዳዳ አልቆ ሌላ ቀበቶ ገዝቷል። ለማምለጥ ያልሞከረው ነገር የለም። ሆዴን አሞኛል ብሎ ያውቃል፤ የአጃ አጥሚት በጆግ መጣለት። ጾም ላይ ነኝ ብሎ ያውቃል፤ ሰባት ዓይነት የጾም ወጥ ቀረበለት። በሩን ቆልፎ የሌለ መስሎም ያውቃል፤ በመስኮት ተሰጠው።

ተስፋነህ አንድ ወፍ አለው። አዲስ አበባ መንገድ ዳር ከነሽቦ ቤቱ የገዛው፣ ራሱ ቢጫ፣ ሰውነቱ አረንጓዴ፣ ደረቱን ነፍቶ ስለሚንጎራደድ «ሻለቃ» ያለው ወፍ ነው። ቀለቡ ዳጉሳ ብቻ ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሻለቃ መንጎራደዱን ተወና ላባውን አንጨፍርሮ፣ ዓይኑን ግማሽ ከድኖ ተቀመጠ። ተስፋነህ ሽቦ ቤቱን በጋቢ ሸፍኖ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወደ ዶክተር ይሻው ሮጠ።

ዶክተር ይሻው ዕድሜ ልካቸውን በሬና በግ ያከሙ ሰው ናቸው። ወፉን ዙሪያውን ዞረው አዩትና «ምን ይበላል?» አሉ።

«ዳጉሳ።»

«ሌላስ?»

«ዳጉሳ።»

«ሰውም ቢሆን በዚህ አያያዝ ይታመማል። ያልበሰለ ቅጠል ስጠው። ጎመን፣ ኮስታ፣ ሰላጣ፤ በደንብ ታጥቦ፣ ጨውም ዘይትም ሳይነካው፣ በየቀኑ። ቅጠል ካልለመደ ክረምቱን የሚወጣ አይመስለኝም።»

ችግሩ፣ ተስፋነህ በማግስቱ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ባሕር ዳር የሚሄድ መሆኑ ነበር። ወፉን ማን ዘንድ እንደሚያስቀምጥ ሲያወጣ ሲያወርድ ወይዘሮ ፈንታነሽ ሰሙ።

«እኔ እያለሁ?» አሉ፤ ቅር ብሏቸው። «ወፍ ይሁን ሰው፣ ከኔ ቤት ጦሙን ያደረ እንግዳ የለም።» ከዚያ ወደ ሽቦ ቤቱ ጎንበስ ብለው ለማያውቁት እንግዳ በሚገባ አክብሮት «ይግቡ፣ ይግቡ» አሉት።

ተስፋነህ በመጀመሪያው ቀን ማታ ከባሕር ዳር ደወለ። «በላ?»

«አልነካልኝም።»

«ቅጠሉን ጥሬውን ነው የሰጡት?»

«ለእንግዳ ጥሬ ጎመን ላቅርብ? ሰው ምን ይለኛል? ትንሽ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ቅቤ ጠብ አደረግኩበት እንጂ።»

ተስፋነህ የሐኪሙን ትእዛዝ እንደ ሕፃን ትምህርት ደጋግሞ አስረዳ። ወይዘሮ ፈንታነሽም እያዘኑ እሺ አሉ። በሁለተኛው ቀን ጎመኑን ጥሬውን እንደ ፀጉር አቅጥነው ከትፈው ከዳጉሳ ጋር ቀላቀሉት። ሻለቃ ዳጉሳዋን አንድ በአንድ ለቅሞ ጨርሶ ጎመኑን ትቶት ወጣ። «ካንተ የተማረው ነው» አሉ በስልክ፤ ተስፋነህ ከወጥ ውስጥ ሽንኩርት እየለቀመ እንደሚያወጣ አልረሱም። በሦስተኛው ቀን ሙሉ የኮስታ ቅጠል በልብስ መቆንጠጫ ሽቦው ላይ ሰቀሉለት። ሻለቃ ጥግ ይዞ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። «ፈራው። ያሳደገው ሰው ምን እያሳየ እንዳሳደገው እንጃ።»

በአራተኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ፤ ድምፃቸው ደስታ ነበረው። ሰላጣውን አጥበው ውሃው ሳይራገፍ ሳህን ላይ ቢያኖሩት፣ ሻለቃ ወርዶ እርጥቡ ቅጠል ላይ ተንከባለለ፤ ክንፉን አራገፈ፤ ደረቱን አሻሸ። «እጁን ታጠበ» አሉ። «አሁን ይበላል።»

አልበላም። ታጥቦ ወደ እንጨቱ ወጣ።

በአምስተኛው ቀን የሆነውን የነገረችው ጎረቤታቸው ብርቱካን ናት፤ በአጥር በኩል አይታለች። ወይዘሮ ፈንታነሽ የሽቦውን በር ከፍተው ቅጠል በሦስት ጣት ጠቅልለው «በሞቴ» አሉት። ሻለቃ ፊቱን አዞረ። «አፈር ስሆን» አሉት። ከዚያም «ይቺን ብቻ» ብለው ወደ አፉ ሲያስጠጉ አውራ ጣታቸውን ነከሳቸው። ብርቱካን እንደምትለው ወይዘሮ ፈንታነሽ ጣታቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ያመማቸው ግን ጣቱ አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ተስፋነህ እስከዚያ ቀን ድረስ ደስ ብሎት ነበር። በዓለም ላይ ወይዘሮ ፈንታነሽን እንቢ ማለት የሚችል አንድ ፍጡር ተገኘ፤ ያውም የሱ ወፍ! በስድስተኛው ቀን ሲደውል ግን የሰማው ድምፅ የሚያውቀው አልነበረም።

«ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ዓይኑን አልገለጠልኝም» አሉ። «ይህ እንግዳ እኔ እጅ ላይ ሊሞት ነው። ከዚህ ቤት ሳይበላ የወጣ የለም። እሱ እንደ ራበው ሬሳው ይውጣ?»

«ጥፋቱ የርስዎ አይደለም፤ ዳጉሳ ብቻ እያበላሁ ያቆየሁት እኔ ነኝ» አላቸው። በነጋታው ስልክ አላነሱም። በስምንተኛውም ቀን አላነሱም። ተስፋነህ ተጨነቀ፤ ለወፉ ይሁን ለሴትዮዋ ለራሱም አልገባውም። ሥልጠናውን በአጋማሹ አስፈቅዶ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ያዘ። መንገድ ላይ ሐሙሲት ከተማ መኪናው ሲቆም ወርዶ ከገበያው ለጋ ሰላጣ በእቅፍ ገዛ፤ ምናልባት በሕይወት ካለ ብሎ።

ግቢው ሲገባ ብርቱካን አጥሩ ጋ ቆማ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም በል አለችው። ወይዘሮ ፈንታነሽ በረንዳው ላይ ዱካ ይዘው፣ ከሽቦው ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እንደ ላም ጥሬ ጎመን ያኝካሉ። ቅቤ የለው፣ ሚጥሚጣ የለው። የቅጠሉን አንድ ጫፍ ራሳቸው ይነክሳሉ፤ በሌላው ጫፍ በሽቦው በኩል ሻለቃ ይነክሳል፤ ክርት፣ ክርት።

«ቀስ በል አንተ፣ ማንም አይነጥቅህ» ይሉታል። አንቱታው ቀርቷል።

ተስፋነህ ሰላጣውን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ። «ምን አድርገው ነው?»

«ጠላ ስትቀዳ መዳፍህ ላይ ጠብ አድርገህ ሳትቀምስ ለሰው ትሰጣለህ?» አሉ ሳይዞሩ። «አትሰጥም። እኔ ባለጌዋ ለዚህ እንግዳ ስድስት ቀን ሙሉ ሳልቀምስ ሳቀርብለት ኖሬያለሁ። ምን እንዳለበት በምን ይወቅ? በሰባተኛው ቀን ፊቱ ቆርሼ ቀመስኩለት። አየኝ፣ አየኝና መጣ።»

«ታዲያ ስልክ ለምን አያነሱም?»

«እንግዳ እያበላሁ ስልክ ላነሳ?»

አንድ ደንብ ግን ወጥቶ ነበር። ረቡዕና አርብ ሻለቃ ቅጠል የሚቀርብለት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ ወይዘሮ ፈንታነሽ ጾም ሳይፈቱ በምን አፋቸው ይቅመሱለት? በዚህ የተነሳ ሰፈሩ «የመምህሩ ወፍ ይጾማል» ብሎ ያወራል፤ ጎረቤት ልጁን «ከወፍ አንሰህ!» እያለ ይቆጣበታል። ዳጉሳው ቀኑን ሙሉ ፊቱ እንደሚቀመጥ ወይዘሮ ፈንታነሽ ለማንም አልተናገሩም።

ያን ዕለት ምሳ ሰዓት፣ ዶሮ ወጥ ተሠርቶ ተስፋነህ ገበታ ቀረበለት። ወይዘሮ ፈንታነሽ እንደ ወትሯቸው ጭልፋቸውን ይዘው ከራሱ በላይ ቆሙ። ተስፋነህ ቀና ብሎ አያቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየውን ነገር አሁን አየ። እኚህ ሴት ሲበሉ አይቷቸው አያውቅም። ልጆቻቸው ባሕር ዳር ገብተው ግቢው ጭር ካለ ወዲህ፣ ያገኙትን ሁሉ ሲያበሉ ኖረው፣ የራሳቸውን ግን ጓዳ ገብተው፣ ቆመው፣ ከድስት ጥግ ነው የሚቀምሱት። ከሌላ ጋር ገበታ ሲቀርቡ ያያቸው ዛሬ ነው፤ ያውም ከወፍ ጋር፣ ያውም ጥሬ ጎመን።

«ብላ እንጂ። በሞቴ» አሉ።

ተስፋነህ እጁን አጣምሮ ደረቱን ነፋ። «አልበላም።»

«ታመምክ?»

«ደህና ነኝ። አልቀመሱልኝም።»

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። «ይህ ወፍ ሰው አበላሸ» አሉ፤ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ በረንዳው ዞር ብለው። «ይልቅ ሳይቀዘቅዝ ብላ። እኔ በልቻለሁ።»

ተስፋነህ ይህችን «በልቻለሁ» ያውቃታል፤ ለሁለት ዓመት ሲጠቀምባት ኖሯል። እንጀራ ቆርሶ፣ ከዶሮው ፈረሰኛ ሥጋ ፈልፍሎ፣ በእጁ ሙሉ ጠቀለለና ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ምን ቀመሱና? በሞቴ።»

«ጠግቤያለሁ ስልህ፤ ኧረ ተው፣ አልችልም!» መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«አፈር ስሆን።»

መዳፋቸው ወረደ። ጎረሱ፤ ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ እየሳቁ ዱካቸውን ስበው ገበታው አጠገብ ተቀመጡ።

«ይቺን ብቻ ነው» አሉ እንደ ዋጡ።

«ይቺን ብቻ» አለ ተስፋነህ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለ።